የአባታችን ነው ያልነው እብጠት

በእኛ ቤት ወንዶቹ ሁሉ እብጠት አለብን። አባቴ ሁለት ክንዶቹ ላይ ነበረበት፤ ከቆዳው ሥር ባቄላ የሚያክሉ፣ አንዳንዶቹም ከባቄላ ከፍ የሚሉ። ልጆች ሆነን እቅፉ ውስጥ እንቀመጥና በጣታችን እየገፋን እናንሸራትታቸው ነበር። ወዲህ ስንላቸው ወዲያ ይሸሻሉ፤ አያመውም፣ ዝም ብሎ ይስቃል። «ሞራ» ነበር የምንላቸው። አባቴ ከነሞራው ከፋ ውስጥ ዋጫ በምትባል አገራችን አጠገብ ቡናውን ሲለቅም፣ ቀፎውን ዛፍ ላይ ሲሰቅል ኖሮ፣ አርጅቶ በሌላ ነገር ሞተ። ታላቅ ወንድሜ ወልዴ ትከሻውና ጀርባው ላይ አወጣ። እኔም ገና ጎረምሳ ሳለሁ ግራ ክንዴ ላይ ሁለት ወጡብኝ። አንድ የአጎታችን ልጅ ገላው ልሙጥ ነበርና፣ አንተስ የእኛ ዘር መሆንህን እንጃ እያልን እናበሽቀው ነበር። እንግዲህ ከዚህ ዓይነት ቤት የወጣ ሰው ቀኝ ጭኑ ላይ እብጠት ቢያገኝ ምን የሚል ይመስላችኋል?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቦንጋ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ መኪናዬን አስቀምጬ ሱሪ፣ ኮትና የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ነው ዕድሜዬ የሄደው። ለሚያየኝ እንጀራዬ በእጄ ይመስላል፤ እውነቱ ግን በእግሬ ነው። ቀኝ እግሬ ፔዳሉን ካልረገጠ መርፌው አይወርድም። ይህን ያነሳሁት በኋላ የመጣብኝን እንድትረዱልኝ ነው። ምክር መስጠት አልወድም፣ ሰው ሲያዝንልኝም ያናድደኛል። ዝም ብዬ መቅረቱ ግን ይብስ ስላናደደኝ እናገራለሁ።

እብጠቱን መጀመሪያ ያወቀው እጄ አይደለም፣ ሱሪዬ ነው። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ቀኝ እግሩ ጠበበኝ። ግራው እንደነበረ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሱሪው በአንድ በኩል ብቻ ሲጠበው ምን ነካኝ ይላል። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝና ሱሪውን ገለበጥኩ፣ የቀኙን ስፌት ተረተርኩ፣ ውስጥ ከተተወው ትርፍ ጨርቅ ትንሽ ለቀቅሁለትና መልሼ ሰፋሁት። ተስማማኝ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠበበ፤ ደግሞ ለቀቅሁለት። ትርፉ ሲያልቅ አዲስ ሱሪ ቆርጬ ቀኙን እግር ከግራው ሰፋ አደረግሁት፤ ያውም ለሚያየው ሰው ምንም እንዳይታወቅ አድርጌ። እንዲያውም በሥራዬ ኮርቼ ነበር። ባለቤቴ ጥሩነሽ ስትተኩሰው ሁለቱን እግሮች ደራርባ አየችና፣ ዓይንህ ደከመ እንዴ፣ አንዱ ካንዱ ይሰፋል አለችኝ። ሆን ብዬ ነው፣ የአባቴ ሞራ ጭኔ ላይ ወጥቶ ነው አልኳት። ሳቅን፤ በዚያው አለፈ።

ወልዴም ማር ሊሸጥ ከዋጫ ሲመጣ ነገርኩት። ገልጦ እንኳ ሳያይ እንኳን ደስ ያለህ፣ ዘግይቶም ቢሆን ድርሻህ ደረሰህ ብሎ ቀለደብኝ። እኔም ቀልዱ ተስማማኝ፤ ከአባት የመጣ ነገር ደግሞ ምን ያስፈራል?

የአባቴ ሞራ ቢሆን ኖሮ ግን በጣቴ ስገፋው መሸሽ ነበረበት። አይሸሽም። ክንዴ ላይ እንዳሉት ከቆዳዬ ሥር ብቻ አይደለም ያለው፤ ሥጋዬ ውስጥ ጠልቆ ነው የተቀመጠው፣ ስጫነውም ጠጠር ይላል። ጣቴ ይህን ልዩነት ያውቅ ነበር። ጨርቅ በመዳሰስ የኖረ ጣት እንዴት አያውቅ? ነገር ግን አያምም። እናንተዬ፣ ያታለለኝ አለማመሙ ነው። ሰው የሚያመውን ይፈራል እንጂ የማያመውን ማን ይፈራል?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔ መቼ ደበቅሁ? ያልዳሰሰው ሰው የለም። ጎረቤቴ ባለሱቁ ፔዳል ስትረግጥ የጠነከረ ጡንቻ ነው አለ። አንድ ደንበኛዬ ከመቀመጥ ብዛት የመጣ ነው አለኝ። ከዚያ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ሰውዬው ደም ረግቶበት ነው ብለው በቅቤ አሹኝ፤ ሲያሹኝ ነው መጀመሪያ ያመመኝ። ሲያመኝ ይኸው ሊፈታ ነው አሉ። እያመመኝም ተመላለስኩ፣ ምክንያቱም የሚያም መድኃኒት የሚያድን ይመስለናል። እብጠቱ ከእንቁላል ሲበልጥ ጥሩነሽ ሳቋን ተወች። አንድ ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ ደንበኛ ቆሞ እያየ ባጃጅ አስቁማ፣ ተነስ ሐኪም ቤት እንሂድ ብላ አስነሳችኝ።

የሄድነው የግል ክሊኒክ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የምጽፈው ሰው ለመክሰስ አይደለም። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው ጭኔን አየት አደረገና በቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ አለኝ። እኔ ደግሞ ደስ እያለኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁለት። ገፋ ገፋ አደረጋቸው፤ ሸሹለት። «ሊፖማ» ነው አለ፣ የስብ እጢ ማለት ነው፣ ጉዳት የለውም፣ ከፈለጉ እዚሁ አወጣልዎታለሁ። ስለ ክንዴ ያለው እውነት ነው። ጭኔን ግን በራሱ ያየው የለም። ክንዴ ለጭኔ ዋስ ሆነለት፣ ጉዳዩም በዚያ ተዘጋ።

በመርፌ አደንዝዞ ቀደደኝ። ቶሎ ያልቃል የተባለው እየረዘመ ሲሄድ ሰውዬው ላብ በላብ ሆነ። በአንድ ላይ አልወጣለትም፤ ሥር አበጅቷል እያለ እየቆራረጠ አወጣው። በሳህን አሳየኝ። እኔ የጠበቅሁት የከብት ሞራ የመሰለ ቢጫ ነገር ነበር፤ ይኼ ግን ግራጫም ነጭም ደም የተቀላቀለበትም ነው። ከዚያ ረዳቱ ሳህኑን አንስታ ወጣች፣ ያለው ሁሉ ከቆሻሻ ጋር ተደፋ። እኔ አልጠየቅሁም፣ እሱም አልተናገረም። ከሰው ገላ የወጣ እብጠት ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ምንነቱ መታየት እንዳለበት እኔ ከየት ልወቅ? አሁን ግን አውቃለሁ፣ እናንተም እወቁ። ማንም ከገላችሁ ቆርጦ ቢያወጣ፣ ቁራጩ ለምርመራ መሄዱን ሳታረጋግጡ ከዚያ አልጋ አትውረዱ።

ዘመድ እንኳን እግዚአብሔር ማረህ እያለ መጣ። ማር የያዘ አለ፣ ቆጮ የያዘ አለ። ቤታችን አራስ ያለበት መሰለ። እኔም ድኛለሁ ብዬ ሱሪዎቼን ሁሉ መልሼ አጠበብኳቸው።

ተመለሰ። ያውም በጠባሳው ሥር፣ ቁስሉ በወጉ ሳይጠግግ። በፊት ቀስ ብሎ ነበር የሚያድገው፤ አሁን ቸኮለ። በፊት አያምም ነበር፤ አሁን ቁጭ ብዬም ያመኛል። የእግሬ ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር፤ ፔዳሉን ስረግጥ መርገጤን የማውቀው መኪናው ሲጮህ ነው። ወደዚያው ክሊኒክ ብመለስ፣ ጠባሳ ነው ይለሰልሳል ተባልኩ። ሌላ ጊዜ ሄጄ ክኒን ተሰጠኝ። መጨረሻ ላይ ሰውዬው ጨነቀውና ጅማ ቢታዩ ጥሩ ነው አለኝ። ጥሩ ነው ነው ያለኝ፣ ዛሬውኑ ይሂዱ አላለኝም። ጊዜው ደግሞ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነበር፤ በረንዳዬ በዩኒፎርም ጨርቅ ተሞልቷል፣ ወላጅ ይቆጣል፣ ልጅ ይጠብቃል። ይህን ጨርሼ እሄዳለሁ አልኩ። እያነከስኩ በግራ እግሬ እረግጥ ጀመር።

ወልዴ በዚያ ሰሞን መጣ። ከበረንዳው ተነስቼ ወደ ቤት ስገባ አረማመዴን አየና የወትሮ ቀልዱ ጠፋበት። ግለጥልኝ አለኝ። መዳፉን ጭኔ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ እጄን ይዞ በሸሚዙ ውስጥ ወደ ትከሻው አስገባና የራሱን አስዳሰሰኝ፤ ለስላሳ ነው፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። እጄን መልሶ ጭኔ ላይ አኖረው። እኔና እሱ ቤት ውስጥ የምናወራው በካፊኖኖ ነው፤ በዚያው ቋንቋችን ቀስ ብሎ ነገረኝ።

«ይኼ የአባታችን አይደለም።»

በነጋታው ጅማ ሄድን። ሚኒባሱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሲወርድ ሙቀቱ፣ ከጎጀብ ሲወጣ መንገጫገጩ፤ እግሬን አላጥፈው ነገር አይታጠፍ፣ ዘርግቼ የሰው ጆንያ ላይ አሳረፍኩት። ባለጆንያው አልከፋውም፣ አምላክ ይስጠው። ሆስፒታሉ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዛቱ ያስደነግጣል፤ እኔ ብቻዬን የታመምኩ ይመስለኝ ነበር። አጠገቤ አንዲት እናቷን ያመጣች የገጠር ሴት ተቀምጣ ነበር። ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ አትችልም፣ እኔ ደግሞ ኦሮምኛ አልችልም። እግሬን ሲያመኝ አየችና ነጠላዋን አጣጥፋ ከሥሩ አደረገችልኝ። ተራዋ ደርሶ ስትጠራ ነጠላውን ላነሳ ብል በእጇ ተወው ብላኝ ገባች። በዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ መልካም ነገር አስታውስ ብባል የማስታውሰው እሷን ነው።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። ክንዴን ወዲያው ጨረሰችው፣ ጭኔ ላይ ግን ብዙ ቆየች። ከዚያ የራሴን ጣት ይዛ ክንዴን አስገፋችኝ።

«ጋሼ፣ ይኼኛው ለስላሳ ነው፣ ሲገፉት ይሸሻል፣ ለዓመታት አላደገም። እንዲህ ያለው ቢቀመጥም አይጎዳም። ጭንዎ ላይ ያለው ግን ጠንካራ ነው፣ ጠልቋል፣ አይነቃነቅም፣ በወራት ውስጥ አደገ፣ ከእንቁላል በለጠ፣ ተቆርጦም ተመለሰ። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢኖር እንኳ ቶሎ መታየት ነበረበት።»

ቀጥላ መጀመሪያ የወጣው ቁራጭ የት ተመረመረ አለችኝ። ተደፍቷል አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ መልሳ አነሳችና የምርመራ ማዘዣ ጻፈችልኝ።

የእግሬንም የደረቴንም ፎቶ አነሱኝ፤ በወፍራም መርፌ ከእብጠቱ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ እኔና ወልዴ አንድ ትንሽ ክፍል ተከራይተን ቆየን። ሌሊት ሁለታችንም እንቅልፍ አልነበረንም። እኔ እግዚአብሔርን አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለምነው። እግሬን ተውልኝ። ሌላውን ሁሉ ውሰድ፣ እግሬን ግን ተውልኝ።

ውጤቱ ካንሰር ሆነ። «ሳርኮማ» ይሉታል፤ ከስብና ከሥጋ ራሱ የሚበቅል ካንሰር ማለት ነው። ብዙ ሰው አያገኘውም፣ ከላይ ሲያዩት ግን ያንን ምንም የማያደርገውን የስብ እጢ ሊመስል ይችላል። ዶክተሯ ፎቶውን እያሳየች አስረዳችኝ። እብጠቱ ትልቁን የደም ሥርና ነርቩን ከቦ ይዟል፤ እግሩ ከላይ ካልተቆረጠ አይወጣም። እውነቱን እንድትነግረኝ አጥብቄ ጠየቅኋት፤ ሳላስነካው ገና ትንሽ ሳለ መጥቼ ቢሆንስ? ልትነግረኝ አልፈለገችም። ደጋግሜ ስጠይቃት፣ ያኔ እብጠቱን ብቻ በሙሉው አውጥቶ እግሩን ማትረፍ ይቻል ነበር ይሆናል አለች። ምነው ባልጠየቅኋት።

አላስቆርጥም ብዬ ወደ ቦንጋ ተመለስኩ። አንካሳ ሆኜ ከምኖር ሙሉ ሆኜ ልሙት አልኩ። ጥሩነሽም መጀመሪያ ከእኔ ጋር ነበረች፤ ጸበል አለ፣ እግዚአብሔር አለ፣ ሰው እንዴት ተቆርጦ ይኖራል አለች። ጸበልም ሄድኩ። ልቤ ግን አላመነም፤ ውሃው ሲወርድብኝ የማስበው ፔዳሉን ነበር። ወልዴ ደግሞ በየሳምንቱ ከዋጫ እየመጣ በር ላይ ይቀመጣል፣ ሂድም አይልም፣ ቅርም አይልም። አንድ ቀን ጥሩነሽ ተነሳችበት። በዚህ ሁሉ ትዳራችን በወልዴ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ጋሼ እያለች ነው የምትጠራው።

«የአባታችን ነው፣ የአባታችን ነው እያላችሁ በሳቅ ገደላችሁት» አለችው።

ወልዴ ኮፍያውን አንስቶ ዝናቡ ውስጥ ወጣ። እኔም እሷ ትክክል እንደሆነች አውቃለሁ፣ እሱም ያሳዝነኛል፣ በሁለቱም ደግሞ ተናድጃለሁ። ሞት እንዲመጣ የተመኘሁት ያን ቀን ነው፤ አላፍርበትም።

ነገሩን የቆረጠልኝ ሕመሙ ነው። ቆዳዬ ተወጥሮ ማብረቅረቅ ጀመረ። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ብዬ ጥሩነሽ ሱሪ ልታለብሰኝ ብትሞክር የቱም ሱሪ አላልፍ አለ። መቀሴን አንስታ የሱሪውን ቀኝ እግር ከታች እስከ ላይ ቀደደችው። ስፌቱን አልተረተረችም፣ ጨርቁን ነው የቀደደችው። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች፣ አልቅሳ ስትጨርስ ለወልዴ ደወለች። ጋሼ ይምጡ፣ ጅማ ይውሰዱት፣ ይቆረጥ አለችው። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፣ እኔም እምቢ ለማለት አቅሙ አልነበረኝም። ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቼ አንዱን ሸጠን ሄድን።

ስለ ቀዶ ጥገናው የምነግራችሁ የለኝም፣ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው። አየሁትና ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

በእኛ አገር የተቆረጠ እግር እንደዋዛ አይጣልም። አስታማሚን ጠርተው ትወስዱታላችሁ ወይስ እዚህ ይቀበር ይላሉ። ወልዴን ጠየቁት። የሰው ገላ ባዕድ አገር አይቀርም ብሎ ተቀበላቸው። አቡጀዲ ገዝቶ ገነዘው፣ በማዳበሪያ ጆንያ አድርጎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለው አይሆንም ብሎ ከጅማ እስከ ቦንጋ፣ ከቦንጋም እስከ ዋጫ ጭኑ ላይ ይዞ ሄደ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ምንድን ነው የያዝከው ሲለው፣ የወንድሜ ነው አለው።

አገር ቤት ደርሶ አባታችን የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ መቆፈር ሲጀምር ሰው አየ። ኃይሉ ሞተ ተባለ፤ ኃይሉ እኔ ነኝ። ሴቶች እያለቀሱ ደረሱ፣ ጎረምሶች አካፋ ይዘው መጡ። አለመሞቴ ሲነገር ደግሞ የዕድሩ ሽማግሌዎች ተከራከሩ፤ ለእግር ድንኳን ይተከላል ወይስ አይተከልም? ቄሱ ለእግር ፍትሐት የለም፣ በክብር አኑሩትና ሂዱ ብለው ገላገሏቸው። የመጣው ሰው ግን ባዶ ሆዱን አይመለስም ተብሎ ቆጮና ጎመን ቀረበ። ወልዴ ተመልሶ አልጋዬ ሥር ተቀምጦ ይህን ሲነግረኝ ከተቆረጥኩ በኋላ መጀመሪያ ሳቅሁ። ሳቁ አላቆም ብሎኝ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ እሱም አቅፎኝ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ፣ የሌለ እግር ያሳክካል፤ የማታከው ነገር ሲያሳክክህ አስበው። ቦንጋ ደግሞ ዳገትና ጭቃ ናት፤ ክራንች ይሰምጣል፣ ዝናቡ አያባራም። የባጃጅ ሾፌሮች ሲያዩኝ ይቆሙልኛል፤ አንዳንድ ቀን አመሰግናቸዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ለምን አያችሁኝ ብዬ እናደዳለሁ። በግራ እግሬ መርገጥ ተምሬያለሁ። ስፌቴ መጀመሪያ እባብ የሄደበት ይመስል ነበር፣ አሁን ቀንቷል፤ ግን እንደ ድሮው አልፈጥንም፣ ደንበኛም እየራራልኝ ነው የሚመጣው። የሚራራልኝን ደንበኛ ልኬቱን ስወስድ በሆዴ እረግመዋለሁ። ጥሩነሽ ፊቴን አይታ ታውቅብኛለች።

የእኔ ነገር ሳያልቅ የእናንተን ልናገር። ገላችሁ ላይ ለስላሳ፣ በጣት ሲገፉት የሚሸሽ፣ ለዓመታት ያላደገ እብጠት ካለ አትሸበሩ፤ አንድ ቀን ለሐኪም አሳዩትና ኑሯችሁን ኑሩ። ጠንካራ ከሆነ፣ ካልነቃነቀ፣ ከጠለቀ፣ ካደገ፣ ከእንቁላል ከበለጠ ወይም ወጥቶ ከተመለሰ ግን ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ተነሱ። ባያማችሁም ተነሱ። የአባትህ ነው፣ የእናትሽ ነው የሚላችሁን አትስሙ። አታሹት፣ አታስቀድዱት፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ይታወቅ። ዩኒፎርሙ ይቆይ፣ ቡናው ይቆይ። እኔ ያልኩትን ሁሉ ደርሶብኝ ነው የምለው።

ወደ ጅማ ለክትትል እመላለሳለሁ። መጀመሪያ የደረቴን ፎቶ ሲያነሱኝ ንጹሕ ነው ተባልኩ፤ ጥሩነሽ እልል አለች። ባለፈው ጊዜ ግን ዶክተሯ ፎቶውን አየችና ወንበሯን ወደ እኔ አቀረበች። ሳንባዬ ላይ ትንሽ ነገር አለ። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፣ ምናልባት ደግሞ ከእግሬ የሄደው ነው፤ በመድኃኒት እንሞክረዋለን አለች። ክፍሉ ውስጥ ወልዴ አብሮኝ ነበር። ለጥሩነሽ እንዳትነግራት አልኩት። እሺ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እሱ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

በቅርቡ ዋጫ ሄጄ እግሬን ጎበኘሁ። ወልዴ እየደገፈኝ ወደ አባታችን መቃብር ወሰደኝ። ከአጠገቡ ድንጋይ በድንጋይ ተከቦ የተከለለ ቦታ አለ። ለእግር የሚሆን አይደለም፣ ረጅም ነው፤ ትንሹ ጉብታ ያለው በምሥራቁ ጫፍ ብቻ ነው፣ የቀረው ሣር ነው። ለምን ይህን ያህል አሰፋኸው አልኩት። አረሙን እየነቀለ፣ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«እግሩን ያኖርኩት እግር በሚሆንበት በኩል ነው። የቀረኸው ስትመጣ ከቦታህ እንድትገጥም።»

ከታመምኩ ጀምሮ ሁሉም ትድናለህ ይለኛል። እንደማልድን እያወቀ ያልዋሸኝ ሰው ወልዴ ብቻ ነው። አልተቆጣሁትም። ክራንቾቼን ለእሱ ሰጥቼ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ራሴ በየት በኩል እንደሚሆን ጠየቅሁት፣ በእጁ አሳየኝ። ጥቂት ቆይተን ዝናቡ ሲጀምር አነሳኝና ወደ ቤት ሄድን።